ሁለት እናትም ሽንኩርትም የሚቀበል ሰፈር

አዲስ አበባን የለቀቅሁ ዕለት ማታ እናቴ ሻንጣዬ ላይ ተቀምጣ ነበር። አልዘጋ ብሎ ነው። በርበሬው፣ ሽሮው፣ ድርቆሹ፣ ለሕፃኗ የተጠቀለለው ጋቢ፣ ሁሉም ታጭቆ ዚፑ ግማሽ መንገድ ላይ እምቢ አለ። እናቴ ቁጭ ብላበት፣ እኔ ተንበርክኬ እየጎተትኩ፣ ጎረቤቱ በር ላይ ቆሞ «ተጫኚው! ሳቢው!» እያለ፣ ልቅሶውና ሳቁ ተደባለቀ። ሚሌኒየማችን ሊከበር ዓመት ሲቀረው ነው። ባሌ ፍራንክፈርት ሆኖ ይጠብቀኛል፣ ልጄ ቤዛ ጀርባዬ ላይ ተኝታለች። ቦሌ ስንደርስ እናቴ ጠጋ ብላ «ከሐበሻ አትራቂ» አለችኝ። «ባል ይቀየራል። ከአገሩ ሰው የራቀ ግን አለቀለት።»

ባል ይቀየራል ያለችው ወዲያው ደረሰ። ከባሌ ጋር የኖርነው እዚህ ክረምት የሚሉትን፣ ጠዋትም ማታም ጨለማ የሆነውን ብርድ አንዴ እስክናሳልፍ ብቻ ነው። ክፉ ሰው አልነበረም፤ እኔም አልወደድኩትም። ሮማንን ያገኘኋት ከዚያ ዓመታት ቆይቶ፣ አረጋውያንን መንከባከብ የሚያስተምሩበት ትምህርት ቤት ውስጥ ነው። የደሴ ልጅ ናት፤ ሊያ የምትባል ሕፃን ልጅ ነበረቻት። መጀመሪያ ምሳ ተካፈልን፣ ቀጥሎ አንዳችን የሌላችንን ልጅ ጠበቅን፣ በኋላ ቤት ተጋራን። እንዴት ሆነ ብላችሁ የምትጓጉ እንዳላችሁ አውቃለሁ። እንደማንም ሰው ነው የሆነው፤ ተዋደድን። ቆይቶም በከተማው ማዘጋጃ ቤት ፈርመን በሕግ ተጣመርን። ሁለት ጀርመናዊ የሥራ ባልደረቦቻችን ምስክር ሆኑልን። እልል የሚል ሰው ግን አልነበረም፤ ይሄ እስከ ዛሬ ያናድደኛል።

የእናቴን ምክር ይዘን የገባነው ኡንተርሊደርባህ የሚባል የፍራንክፈርት ሰፈር ነው። እዚያ ሐበሻ አለ። አንዱ ፎቅ ላይ ሽሮ ይሸታል፣ ሌላው ላይ መዝሙር ይሰማል። ጠዋት ፈረቃ ስንገባ ልጆቹን ትምህርት ቤት የሚያደርሱልን እትዬ አልማዝ ነበሩ። ባለቤታቸው አቶ ግርማ ድሮ ለትምህርት መጥተው፣ መንግሥት ሲቀየር መመለሻ አጥተው፣ ኬሚካል ፋብሪካ ሠርተው ጡረታ የወጡ፣ ሰፈሩ ሁሉ የሚያከብራቸው ሰው ናቸው። እትዬ አልማዝ ሮማንን መጀመሪያ ቀን ሲያዩ «ምንሽ ናት?» አሉኝ። «የአክስቴ ልጅ» አልኩ። ሌላ ምን እላለሁ? በእኛ ሰው መካከል አንድ ቤት ለሚኖሩ ሁለት ሴቶች ያለው ስም ይሄ ነው።

ለእኛ ቀላል ነበር፤ የከበደው ለልጆቹ ነው። ቤዛ ትምህርት ቤት ስትሆን «ሁለት እናት አለኝ» ትላለች፣ ደረጃችን ላይ ስትደርስ ሮማን አክስት ትሆናለች። አንድ ቀን እንግዳ እንደሚመጣ ስነግራት ጫማዋን እያወለቀች «ማማ፣ ዛሬ የትኛውን ነው የምለው?» አለችኝ። የአሥር ዓመት ልጅ ናት! ያን ቀን ከዚህ ሰፈር መውጣት አለብን አልኩ። ልጆቼ ውጭም ቤትም አንድ ነገር ብቻ የሚናገሩበት ቦታ፣ ሌላ ምንም አልፈለግሁም። ግን እንደ እትዬ አልማዝ ያለ ጎረቤት የት ይገኛል እያልን ዛሬ ነገ ስንል ቆየን።

ከዚያ ሽማግሌዎቹ መጡ። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ነው። በሩን ስከፍት አቶ ግርማ ነጠላቸውን አጣፍተው ቆመዋል፣ ከኋላቸው ሁለት አባቶች አሉ።

«ይግቡ፣ ይቀመጡ እንጂ።»

«የመጣንበትን ሳንናገር አንቀመጥም» አሉ አቶ ግርማ።

ሽማግሌ ሲላክ የሚባል ቃል ነው። ትርጉሙን የማያውቅ ሐበሻ የለም።

«ጽጌ ልጄ፣ እዚህ አገር ለሮማን እናትም አባትም አንቺ ነሽ። ዮናስ የሚባል፣ ኤርፖርት ሻንጣ ጭነት ላይ የሚሠራ፣ ሃይማኖቱን ያወቀ ጨዋ ልጅ አለን። የአክስትሽን ልጅ ለልጃችን ስጪን ልንልሽ ነው የመጣነው።»

አያችሁልኝ? ሚስቴን ከእኔ ሊጠይቁ! እኔስ ምን አልኩ? ሦስት የተከበሩ አባቶች ሳሎኔ ውስጥ ቆመዋል። አፌ እኔን ሳያማክር፣ ለታላቅ እህቴ ሽማግሌ ሲላክ አባቴ ያለውን አለ። «አክብራችሁ መጥታችኋል፤ ተመካክረን እንድንነግራችሁ ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመለሱ።» አባቶች ደስ ብሏቸው ተያዩ። በወጋችን ቀጠሮ የሰጠ ግማሹን ሰጥቷል። ተቀመጡ፣ ሻይ ጠጡ፣ መርቀውን ሄዱ።

ሮማን ኩሽና ሆና ሁሉንም ሰምታለች። በሩ ሲዘጋ ማማሰያዋን እንደያዘች ወጣች።

«ሰጠሽኝ እኮ!»

«ቀጠሮ ነው የሰጠሁት።»

«ያው ነው! ጥሎሽስ ምን ተባባላችሁ? ለአንቺስ ካባ ያመጡልሽ ይሆን?»

ሳቅን። ከዚያ ሮማን ማልቀስ ጀመረች። በሚቀጥለው እሁድ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ ሴቶቹ እየከበቧት «እንኳን ደስ ያለሽ» አሏት፣ አንዷማ እልልታውን አስነካችው። በተፈራረምን ቀን ያጣነው እልልታ ለማናውቀው ሰውዬ ተደረገልን። ደሜ ፈላ።

በቀጠሮው ቀን ሽማግሌዎቹ በዝተው መጡ። ቤዛ ሻይ ይዛ ገባች። አቶ ግርማ ጭንቅላቷን ዳበስ አድርገው «አክስትሽን ልንድራት ነው፣ ደስ አይልሽም?» አሏት።

ቤዛ ትሪውን አስቀመጠች። «ዲ ሲንት ዶኽ ሾን ፌርሃይራተት» አለች። ተጋብተዋል እኮ ማለቷ ነው። ማን እንደሆነ እንዳይጠፋቸው ደግሞ «ማማና ሮማን» ብላ በአማርኛ ጨመረች።

አቶ ግርማ ዕድሜያቸውን ጀርመን አገር የጨረሱ ሰው ናቸው፤ አልገባኝም ማለት አይችሉም። ፊታቸው ተለወጠ። ግን ጨዋ ስለሆኑ መውጫ ሰጡኝ። «የልጅ ነገር፤ የፈረንጅ ትምህርት ቤት የማያስተምረው የለም» ብለው ፈገግ አሉ። ሁሉም እኔን ጠበቁ። አብሬ ብስቅ ያልፍ ነበር። ቤዛ ግን ዓይኗን ከእኔ ላይ አላነሳችም።

«አልዋሸችም» አልኩ።

«ምን አልሽ?»

«ልጅቷ ያለችው እውነት ነው። ሮማን የአክስቴ ልጅ አይደለችም።»

ሻዩን ሳይቀምሱ ወጡ።

ማንም አልሰደበንም። ቢሰድቡን እመርጥ ነበር፤ ስድብ መልስ አለው። ሰላምታ ብቻ ቆመ። እትዬ አልማዝ ደረጃ ላይ አግኝተውኝ፣ አንገታቸውን ደፍተው «ልጆቹን ማድረሱን እንግዲህ ወገቤ አላስችል ብሎኛል» አሉኝ። ያ ወገብ ለጎረቤቱ ልጅ ሁሉ ደህና ነበር፣ የታመመው ለሊያና ለቤዛ ብቻ ነው። ሊያ ለብዙ ጠዋት በራቸው ላይ ቆማ ስማቸውን ትጠራ ነበር። ቤት ውስጥ እንዳሉ ታውቃለች፣ ሬዲዮው ይሰማል። እኔን ይጥሉኝ፣ ሮማንንም ይጥሉ። ስድስት ዓመት ያልሞላት ልጅ ምን አደረገቻቸው? ይሄን ይቅር አልልም፤ ይቅር በይ የሚለኝ ካለ እሱ ራሱ ይበል።

የሥራ ባልደረባችን ዛቢነ «ፕሮይንገስሃይም ሂዱ!» አለችን። «አዲስ ሰፈር ነው፣ እንደ እናንተ ያሉ ቤተሰቦች ሞልተዋል።» ሄድን። የመጀመሪያው ፌርሚተር፣ ማለትም አከራያችን ሊሆን የነበረው ሰውዬ፣ ፂሙ የተበጠረ ጎልማሳ ነው።

«ስንት ሰው ናችሁ?»

«ሁለት አዋቂ፣ ሁለት ልጅ።»

«ባሎቻችሁስ መቼ ነው የሚመጡት?»

«አይመጡም።»

«ሁሉም እንደዚህ ይላል፤ በኋላ ወንድምም አጎትም ይመጣል።»

«ባል የለንም። በሕግ የተጣመርነው እኛው ነን» አለች ሮማን።

የሰውዬው ፊት በራ። «አህ ዞ! የእህቴ ልጅም እንደዚያው ናት! በዚህ ቤት እኛ በጣም ቶለራንት ነን!» ብሎ፣ ሁሉን ቻይ ነን ማለቱ ነው፣ እጃችንን ጨበጠ፣ ሰገነቱን አሳየን፣ ለልጆቹ የሚሆነውን ክፍል አሳየን። ኩሽና ስንደርስ ቆም አለ። «አንድ ነገር ብቻ። ሽንኩርት ትጠብሳላችሁ?»

«አዎ።»

«ብዙ?»

ሮማን ወደ እኔ ዞራ በአማርኛ «ሽንኩርት ሳያቁላላ ወጥ የሚሠራልኝ ከሆነ እሱኑ ላግባው» አለች። ሰውዬው ሽታ ግድግዳ ውስጥ እንደሚገባ፣ ለጎረቤት ማሰብ እንዳለበት በትሕትና ነገረን። ቤቱን አልሰጠንም። ከእሱ በኋላ ያየናቸውም ያው ናቸው። ሐበሻነታችንን የሚችል ሰፈር ሁለት እናት አይችልም፣ ሁለት እናት የሚችለው ሐበሻነታችንን አይችልም። ምን እናድርግ? እኩሌታችንን ውጭ ጥለን እንግባ?

በመጨረሻ ቤት የሰጠችን አንዲት ፊቷ የማይፈታ ባሏ የሞተባት አሮጊት ናት። ገና ማስረዳት ስጀምር እጇን አነሳች። «ሁለት ሴት ሁኑ፣ ሦስት ሁኑ፣ የእኔ ጉዳይ አይደለም። ቆሻሻ ትለያላችሁ?» እንለያለን አልናት። ፕላስቲኩን በቢጫው፣ ወረቀቱን በሰማያዊው። በዚያው ተስማማን። ከቶለራንቱ ሁሉ የተሻለችው እሷ ናት።

እንግዲህ ፕሮይንገስሃይም እንኖራለን። የበር ደወሉ ላይ የሁለታችንም ስም አለ። ቤዛ የትኛውን ልበል ብላ መጠየቅ ትታለች፤ ስለዚህ ተሳክቶልናል። ግን ማንም ሳይጠራ በራችንን አያንኳኳም። ልጆች ለመጫወት እንኳ ቴርሚን፣ ማለትም ቀጠሮ፣ ይያዝላቸዋል። በበጋው የሰፈር ድግስ ላይ አንዷ ጎረቤታችን፣ እሷም ከሴት ጋር የምትኖር፣ የድንች ሰላጣዋን እየጎረሰች «በአገራችሁ እንደኛ ላሉ ሴቶች አሰቃቂ ነው አይደል? እስቲ ንገሩን» አለች። አሰቃቂ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ከእሷ የበለጠ አውቃለሁ። ግን አገር እናት ናት፤ እናቴን ብቆጣት እኔ ልጇ እቆጣታለሁ እንጂ ለድንች ማወራረጃ አላቀርባትም። ሚጥሚጣ እንኳ የሌለው ድንች! ተነስቼ ሄድኩ።

እናቴ ጋ የደወልኩት ቤቱ መልክ ሲይዝ ነው። አዲስ ቤት ገባን፣ ልጆቹ የየራሳቸው አልጋ አላቸው እያልኩ ስለፈልፍ አዳመጠችኝ።

«የአልማዝ እህት እዚህ ጉለሌ እንደምትኖር ታውቂያለሽ?» አለችኝ።

አላወቅሁም ነበር።

«ሁሉንም ሰምቻለሁ» አለች።

«እማዬ፣ እኔ ራሴ ልነግርሽ…»

«እኔ ምንም አላልኩሽም። ልጄ ነሽ። ልጆቹም ልጆቼ ናቸው። ሮማንም… ሰላም በያት። ግን እዚህ ከጠየቁኝ የአክስቷ ልጅ ናት ነው የምለው፤ አንቺም ሰው ከጠየቀሽ እንደሱ በይ።»

«አልልም እማዬ። ለልጆቼ ስል አልልም። ለዚህ ነው እኮ ሰፈር የለቀቅነው!» ጮህኩባት። በሽማግሌዎቹና በባለሽንኩርቱ ሰውዬ ላይ ያልጮህኩትን ሁሉ እሷ ላይ ጮህኩ።

እስክጨርስ ጠበቀችኝ። ድምፅዋ አልተቆጣም። «አንቺ ሰፈር መርጠሽ ገባሽ፣ እሰይ። እኔን ስሞት የሚቀብረኝ ዕድር ግን እዚሁ ነው ያለው። እኔ ደግሞ የት ሰፈር ልግባ?»

ከበስተጀርባዋ በር ሲከፈት ሰማሁ፣ ቀጥሎ የጎረቤት ድምፅ «ማነው የደወለው?» አለ።

«ቁጥር ተሳስተው ነው» አለች እናቴ፣ ዘጋችውም።