ቅቤ የነካው እጅ

ከባሕር ዳር የወጣሁት የሮቦት እጅ በሳጥን ይዤ ነው። በእኛው ቤተ ሙከራ የተሠራ ነው፤ ጣቶቹ የነኩትን ክንድ ላይ ለሚታሰር ቀበቶ ያስተላልፋሉ፤ ቀበቶውም ጠበቅ ላላ እያለ ላሰረው ሰው ያሳውቃል። ገሳይ አጠገብ አያ ሙላት በሚባሉ ገበሬ ላይ ልሞክረው ነው የምሄደው። ቀኝ እጃቸውን የእህል መውቂያ ማሽን በልቶባቸዋል።

የሚኒባሱ ረዳት ሳጥኑን ወንበር ላይ አይቶ የሰው ሒሳብ ጠየቀኝ። "እጅ እኮ ነው" ስለው፣ "የሰው ከሆነማ ይክፈል!" አለና አሳቀብኝ።

ደብረ ታቦር

ዝናብ ያዘን። ሽሮ በልቼ የገሳይን መኪና ስጠብቅ አለቃዬ ደወለ።

"ያለን እጅ አንድ ብቻ ነው፤ ነገ ይዘኸው ና።"

"እጁ እንደሚመለስ ሰውየው ያውቃሉ?"

"ሙከራ ነው ተብለዋል" አለና ዘጋው።

ገሳይ

ሙከራ መባሉን የሰማ የለም። ጎረቤቱ ሁሉ እንኳን ደስ ያለዎት ሊል ግቢውን ሞልቶታል። የአያ ሙላት ምራት አናቱ ቅቤ የተቀባ ሕፃን ታቅፋለች። አያቱ ከተወለደ ጀምሮ አልመረቁትም፤ "በግራ እጅ ምርቃት የለም" ብለው።

እጁን ገጠምኩላቸው። ለሙከራ ያመጣሁትን ስፖንጅ ገፋ አድርገው፣ "ልጁን አምጭው" አሏት።

"ቀስ ይበሉ" አልኩ፤ ፈርቼ ነበር። መዳፉን አናቱ ላይ አሳረፉ። ቀበቶው ጠበቅ አለ፤ ላላ አለ። ፊታቸው ተለወጠ።

"እርግብግቢቱ ትመታለች! ትሰማኛለች!" አሉ። "እደግ፤ ተመንደግ፤ ለወግ ለማዕረግ ያብቃህ።"

"አሜን!" አለ ግቢው። ምራቲቱ አለቀሰች።

ጎረቤት ሲሄድ እጁን ይዤ እንደምመለስ ነገርኳቸው።

"ልታበጀው ነው የምትወስደው?" አሉኝ።

"አይደለም። ያለን ይኸው ብቻ ነው።"

"መቼ ትመልሰዋለህ?"

አላውቅም አልኩ፤ እውነቱም ያ ነበር። በግራ እጃቸው ማሰሪያውን ራሳቸው መፍታት ጀመሩ። ልረዳቸው ስል ከለከሉኝ።

"ቆራጣነቴን ለምጄው ነበር፣ ልጄ። ምነው ባልመጣህ!"

ባሕር ዳር

በመመለሻዬ ሳጥኑን ጭኔ ላይ አድርጌ ደረስኩ። ያፈርኩት በማሽኑ አይደለም፤ ማሽኑ ሠርቷል። ለሰው የመንካትን ስሜት ሰጥቶ መንጠቅ እጅ ከመቁረጥ እንደማይሻል ከገሳይ ተምሬ መጣሁ።

አለቃዬ እጁን አገላብጦ አየው። "ጣቶቹ መሃል ቅባት ገብቷል፤ አጽዳው" አለኝ።

የልጁ ቅቤ ነበር። በአልኮል ጠረግኩት። ሽታው ሲጠፋ እጁ አዲስ መሰለ።