የሐጅ ኢድሪስ የብረት ሳጥን

ባለሙያን «ኡስታ» ብለው በሚጠሩባት በድንበር ማዶዋ ገዳሪፍ ሥራ የጀመርኩ ቀን አሠሪዬ ኡስታ ሁሴን መፍቻ አልሰጠኝም። የሰጠኝ የቀለም ብሩሽ ነው። ከሰሊጥ ነጋዴዎች ኮምፒውተር ውስጥ አቧራና ገለባ ስጠርግ ዋልኩ። ወደ ማምሻው «መፍታት ማንም ይፈታል፤ አንተ መጀመሪያ ማየት ልመድ» አለኝ። ጎንደር ኮሌጅ ገብቼ የተማርኩ ነኝና በሆዴ ናቅሁት።

ከዓመታት በኋላ ዋይፋይ እንጀራዬ ሆነ። ሻይ ቤቶች ኢንተርኔት ከሳተላይት እየሳቡ በሰዓት መሸጥ ሲጀምሩ ስልክ ያለው ሁሉ ተገላገለ። የቢሮ ኮምፒውተሮች ግን ዋይፋይ መቀበያ የላቸውም። እኔ አውራ ጣት የምታህል መቀበያ ከኋላቸው እሰካለሁ፣ የሚያሠራትን ፕሮግራም ከፍላሽ እጭናለሁ፣ አለቀ። ፍላሽ መያዝ ግድ ነው፤ ኢንተርኔት የሌለው ኮምፒውተር ፕሮግራሙን ከየት ያወርዳል? ይህን ረስተው ከገዳሪፍ ዶካ ከተማ ድረስ ሄደው ባዶ እጃቸውን በሚመለሱ ባለሙያዎች ስስቅ ኖሬያለሁ።

አንድ ቀን የዶካው እህል ነጋዴ ሐጅ ኢድሪስ በጠዋት አስጠሩኝ። ሱቃቸው ስደርስ ለታይ የምትባል ወጣት ሴት ጠበቀችኝ። አዋላጅነት ስትማር አገሯ ላይ ጦርነት መጣና በሐምዳይት በኩል ድንበር ተሻግራ ወጣች። የቀራት አንድ ፈተና ብቻ ነበር። ያን ፈተና ኮሌጇ በኢንተርኔት ሊሰጣት ፈቅዷል፤ በስልክ ግን አይከፈትም። ጊዜው ያው ዕለት ከረፋዱ አራት ሰዓት ነው፣ ካለፋትም ድጋሚ የለም። ሐጅ በእሳቸው ኮምፒውተር እንድትፈተን ፈቅደውላታል።

ሐጅ ሁለት ኮምፒውተር ተሰርቆባቸዋል። ሦስተኛውን በብየዳ ባሠሩት የብረት ሳጥን ውስጥ ቆልፈውታል፤ ዙሪያው ላሜራ፣ በሩ ፍርግርግ። ማሳያውና ኪቦርዱ ብቻ ውጭ ናቸው። «እንዴት ነው አያ ኡስታ? ሌባ ይደፍረዋል?» አሉኝ በኩራት። እኔም አደነቅሁላቸው።

በሩን ከፈቱልኝ፣ እጄን አስገብቼ መቀበያዋን ከኋላ ሰካሁ። መስመሩ ብቅ ይልና ይጠፋል። ዋይፋዩን የሚሸጠው ሻይ ቤት ከመንገዱ ማዶ ሆኖ! ዕቃው ነው ብዬ ሌላ ሰካሁ። ያው ነው። ፕሮግራሙን አጥፍቼ እንደገና ጫንኩ። ያው። አራት ሰዓት ሊሞላ ሃያ ደቂቃ ሲቀር ሦስተኛዋን መቀበያ ከቦርሳዬ በጥድፊያ አወጣሁ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

ለታይ ስልኳን ወደ ሳጥኑ ስታስገባና ስታወጣ ቆይታ ኖሯል። «ኡስታ፣ እዚህ ጠረጴዛው ላይ ደህና ይሠራል። ሳጥኑ ውስጥ ግን መስመሩ ጥፍት ይላል» አለችኝ። ቀጥላም፣ «እኛ ለታማሚ ሦስት ጊዜ መድኃኒት ከመለወጣችን በፊት የት እንደሚተኛ እንጠይቃለን።»

አፈርኩ። ብረት የዋይፋይን ሞገድ እንደሚጋርድ ተምሬ ተፈትኜበታለሁ። መቀበያዋን ወደ ውጭ ለመሳብ ደግሞ አንድ ሜትር ማራዘሚያ ገመድ ይበቃ ነበር፤ እሱን ገዳሪፍ ትቼዋለሁ። ሌላ መላ የለም፤ ኮምፒውተሩ ከሳጥኑ መውጣት አለበት።

«ወላሂ አይወጣም!» አሉ ሐጅ። «ይኼኛው ከሄደ ሌላ መግዣ የለኝም።»

ለታይ ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። «አባቴ፣ ከአገሬ ስወጣ ይዤው የወጣሁት ይህን ትምህርት ብቻ ነው» አለቻቸው።

ሐጅ ወደ ሳጥኑ ጎንበስ አሉ። «ኸላስ፣ ያ ቢንቲ፤ በቃ ልጄ» ብለው ኮምፒውተሩን በራሳቸው እጅ አወጡና የሰሊጥ ጆንያ ላይ አስቀመጡት። መስመሩ ወዲያው ሞላ። ሦስት ደቂቃ ሲቀር ፈተናው ተከፈተ።

ሐጅ ከዘራቸውን ይዘው በሩ ላይ ተቀመጡ። ሁለት ሰዓት ሙሉ አልተነሡም። ደንበኛ ሲመጣ «ዛሬ ሱቅ የለም፤ ፈተና ላይ ነን» እያሉ መለሱት። እኔም አጠገባቸው ቁጭ ብዬ ጠበቅሁ፤ የምፈታው ነገር አልነበረም።

ለታይ አልፋለች፤ ዛሬ ዶካ ውስጥ ታዋልዳለች። እኔ ደግሞ ለሥራ ስጠራ መጀመሪያ ክፍሉን ዞሬ አያለሁ፤ መፍቻ የማወጣው ከዚያ በኋላ ነው። ማራዘሚያ ገመድም ከቦርሳዬ ጠፍቶ አያውቅም።