ሰባ ሦስት ግብጦ

ባለፈው ሳምንት ናትናኤል ከላፕቶፑ ላይ ቀና ብሎ «ኧረ ጉዴ ፈላ!» አለ። እዚሁ ደብረ ማርቆስ እኔ በምመራት ትንሽ የሶፍትዌር ቢሮ ውስጥ ካሉት ልጆች ሁሉ ፈጣኑ እሱ ነው። ሲደነግጥ ግን ሰፈር ይሰማል። ሄጄ አየሁለት። ኮድ የሚመረምረው መሣሪያ ናትናኤል ከጻፈው አንድ ክፍል አጠገብ ሃያ ሁለት የሚል ቁጥር በቀይ ለጥፎበታል። የውስብስብነት ልክ ነው። ከአሥር ካለፈ ኮዱን አንብቦ በጭንቅላት መያዝ ይከብዳል፤ ሃያ ሁለት ሲደርስ የጻፈው ሰው ራሱ ይጠፋበታል።

«እትዬ ትርንጎ፣ ያን ያህል መጥፎ ነው እንዴ?» አለኝ።

ሳቄ አመለጠኝ። «የኔ ስንት እንደነበር ታውቃለህ? ሰባ አራት!»

«ሰባ አራት! ያኔ ደግሞ በምን ለካችሁት?»

«በግብጦ» አልኩት። የምቀልድበት መሰለው፤ አልቀለድኩም።

ያኔ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነው። በኮምፒውተር ዲፕሎማ ተመርቄ ወደ ማርቆስ ስመለስ አንድ የገበሬዎች ዩኒየን ቀጠረኝ፤ የቀጠረኝ ግን በታይፒስትነት ነው። ደብዳቤ ስጽፍ እየዋልኩ በምሳ ሰዓት በገዛ ፈቃዴ የምርጥ ዘር ማከፋፈያ ፕሮግራም ሠራሁ። ማን ይወስዳል፣ ምን ያህል ይወስዳል፣ መቼ ይወስዳል፤ ሥራዋ ይቺው ነበረች። በእጅ ሦስት ሳምንት ይፈጅ የነበረው ዝርዝር በአንድ ከሰዓት በኋላ ከፕሪንተር ወጣ። ሥራ አስኪያጁ ወረቀቱን እያገላበጡ «እንዲህም አለ እንዴ!» አሉና ለብቻዬ ክፍል ሰጡኝ። ደረቴን ነፍቼ ነበር የምሄደው፤ አይ ልጅነት!

የመጀመሪያው ኮድ አንድ ገጽ ተኩል ነበር፤ ሲያዩት ደስ ይላል። ያበላሸው የሽማግሌ መምጣት ነው። በኛ አገር ለጋብቻና ለእርቅ ሽማግሌ ይላካል። ለኮድ ሽማግሌ የተላከባት ግን ከኔ በቀር ያለች አይመስለኝም። «ዝርዝሩን የሚያወጣው ኮምፒውተር ነው፤ ኮምፒውተሩን የምታዘው ደግሞ የአቶ ፈንታ ልጅ ናት» የሚለው ወሬ ከደምበጫ እስከ ደብረ ኤልያስ ተዳረሰ። ከዚያማ ጠዋት ቢሮ ስገባ ጋቢ የለበሱ ሦስት አራት ሽማግሌዎች በሬ ላይ ቆመው አገኛለሁ።

«ልጄ፣ የኛ መሬት ወንዝ ማዶ ነው። ወንዙ ከሞላ መሻገሪያ የለንምና ቀድመን እንውሰድ» ይሉኛል የአማኑኤል ሰዎች። እውነታቸውን ነው፤ ምን ይባላል? በፕሮግራም ቋንቋ «ይህ ከሆነ እንዲህ አድርግ» የምትል ትእዛዝ አለች፤ እኔ «ከሆነ» ነበር የምላት። እያንዳንዷ ከሆነ መንታ መንገድ ናት። ለአማኑኤል ሰዎች አንዲት ከሆነ እጨምርላቸዋለሁ፤ መርቀውኝ ይሄዳሉ። በማግስቱ የሌላ ቀበሌ ሰዎች ይመጣሉ። አባቴን የሚያውቁ፣ በክርስትናዬ ቀን ተገኝተው የመረቁኝ ሰዎች ናቸው፤ እንዴት አድርጌ ባዶ እጃቸውን ልመልሳቸው? እሺ፣ እሺ፣ እሺ። በሁለት ዓመት ውስጥ አንድ ገጽ ተኩሏ አሥራ ስድስት ገጽ ሆነች፤ ከሆነ በከሆነ ውስጥ፣ ያም በሌላ ከሆነ ውስጥ።

ከሁሉም የማልረሳቸው አባባ ደሴን ነው። የደብረ ኤልያስ ሰው፣ የአባቴ የልብ ወዳጅ ነበሩ። አንድ ቀን በቅል ነጭ ማር ይዘው መጡና «ልጄ፣ ባል የሞተባት ሴት ካለች፣ ውርሱ እስኪጣራ ድረስ ዘሩ በሟች ባሏ ወንድም ስም ይውጣ። ለጭቅጭቅ ማብረጃ ነው» አሉኝ። ማሩ ይጥማል፤ ሐሳቡም የሰላም መሰለኝ። ጻፍኩት፣ ረሳሁት።

በሁለተኛው ዓመት ግንቦት መጨረሻ ላይ፣ ደመናው በጮቄ በኩል መቆለል ሲጀምር፣ ጥሩወርቅ የምትባል ሴት ቢሮዬ ገባች። ከደብረ ኤልያስ ገጠር በእግሯ ወጥታ፣ ከዚያ በጭነት መኪና ተሳፍራ ነው የመጣችው፤ እግሯ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ጭቃ ነው።

«ስሜ የለም» አለችኝ፤ ሰላምታ የለ፣ ምን የለ። «አምናም አልነበረም። ዘር ለምኜ፣ ዘግይቼ ዘርቼ፣ በቆሎዬን ሳያሽት ውርጭ መታው። ዘንድሮም ከቀረሁ ሦስት ልጆቼን ይዤ ከሰው ቤት መግባቴ ነው።»

መዝገቡን አየሁ፤ አለች። ዝርዝሩን አየሁ፤ የለችም። «አሁኑኑ አስተካክለዋለሁ፣ እትዬ» ብዬ አንዲት ከሆነ ጨመርኩ። ስሟ ወጣ፤ እሰይ! ዝርዝሩን ዝቅ ብዬ ሳይ ግን አርባ የደምበጫ ሰዎች ጠፍተዋል። ለነሱም አንድ ጨመርኩ። እነሱ ሲመለሱ ጥሩወርቅ ጠፋች። የተወሳሰበ ገመድ ነው የሆነብኝ፤ አንዱን ቋጠሮ ሳላላ ሌላው ይጠብቃል።

ማክሰኞ ዕለት ሥራ አስኪያጁ አስጠሩኝ። «ቅዳሜ ደብረ ኤልያስ ላይ ማደል እንጀምራለን። እስከ ዓርብ ማታ ትክክለኛ ዝርዝር ካላመጣሽ ወደ እጅ ሥራችን እንመለሳለን፤ አንቺም ወደ ጽሕፈትሽ» አሉኝ። በእጅ ከተሠራ ሦስት ሳምንት ነው። ሦስት ሳምንት ከዘገየ የበቆሎ መዝሪያው አለፈ። ለኔ አንድ ወንበር ነው የሚቀርብኝ፤ ለጥሩወርቅ ግን ዓመቷ ነው።

ረቡዕ ደግሞ፣ ይባስ ብሎ፣ መብራት ጠፋ። ቀደም ብዬ ያተምኩትን አሥራ ስድስት ገጽ ኮድ ታቅፌ መጋዘን ገባሁና ጆንያ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። የመጋዘኑ ኃላፊ ጋሼ ሰይድ እንዲያ ሆኜ አገኙኝ። ቤተሰባቸው ከጥንት ጀምሮ የእህል ነጋዴ ነው፤ እሳቸውም ዘር በእጃቸው ዘግነው እርጥቡን ከደረቁ ይለያሉ። ኮምፒውተር ነክተው አያውቁም።

«ምነው ትርንጎ? ማን ሞተ?»

«ኮዴ» አልኳቸው።

ሳቁብኝ። ከዚያ ፊት ለፊቴ ተቀመጡና «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ። አንድ ገበሬ በዚህ በኩል ይገባል፤ ያንቺ ፕሮግራም ምን ብሎ ይጠይቀዋል?» አሉ።

ማንበብ ጀመርኩ። «ቀበሌው ይህ ከሆነ...» ስል ጋሼ ሰይድ ከኪሳቸው ግብጦ አወጡ። ግብጦ ለጎጃም ሰው አይነገረውም፤ ለሌላው ልንገር። መራራ ጥራጥሬ ነው፤ ተቆልቶ፣ ቀናት ሙሉ ወራጅ ውሃ ውስጥ ተዘፍዝፎ፣ ምሬቱ ሲለቅ ይበላል። አንዷን ፍሬ ጆንያው ላይ አስቀመጡና «ቀጥዪ» አሉ። «ወንዝ ማዶ ከሆነ...» ሌላ ፍሬ። «መሬቱ ከዚህ ካነሰ...» ሌላ ፍሬ።

ይህን ጊዜ የኮሌጅ መምህራችን ትዝ አሉኝ። «መንታ መንገዶቹን ቁጠሩ፣ አንድ ደምሩ፤ ከአሥር ካለፈ ከፋፍሉት» ብለውን ነበር። ለፈተና ሸምድጄው ፈተናው በር ላይ ጥዬው የወጣሁት ትምህርት ነው! ጋሼ ሰይድ ያለ ኮሌጅ ይዘውት ቁጭ ብለዋል። ትኩስ ድንች በአዋዜ እየበላን እስከ መጨረሻው ገጽ ቆጠርን። ሰባ ሦስት ግብጦ።

«ወላሂ፣ በዚህ መንገድ ሰው መጥፋቱ አይገርምም፤ የሚገርመው የሚደርስ መኖሩ ነው» አሉ። ቀጥለው አንዷን ፍሬ አንስተው «ይቺ የማን ናት?» አሉኝ።

«የአማኑኤል ሽማግሌዎች።»

«ይቺስ?»

«የደምበጫው ቄስ።»

«ይቺ?»

«የሥራ አስኪያጃችን... የትውልድ ቀበሌያቸው እንዲቀድም።»

ሰባ ሦስቱም ማለት ይቻላል ባለቤት ነበራቸው። ጋሼ ሰይድ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ትርንጎ፣ ይሄ ፕሮግራም አይደለም፤ የይሉኝታ ጎተራ ነው።» አፈርኩ። ውሸት ቢሆን ኖሮ እቆጣ ነበር።

ከዚያ ዘር እንደሚለቅሙ ግብጦውን ይለቅሙት ጀመር። «አሥራ ዘጠኙ የሚያወሩት ስለ ወንዝ ነው። አንዱን ነገር አሥራ ዘጠኝ ጊዜ ምን ያስጠይቅሻል? መዝገቡ ላይ ከሰውየው ስም አጠገብ 'ወንዝ ማዶ' ብለሽ አንዴ አትጽፊውም?» አሥራ ዘጠኝ ግብጦ አንድ ሆነ። የመሬት ስፋት የሚጠይቁትም እንደዚያው ወደ መዝገቡ ገቡ። የተረፈውን ማን፣ ምን ያህልና መቼ እያልን ለየብቻው ከመርን። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» አሉ ጋሼ ሰይድ። ለምን እንደገቡ ፈልገን ምክንያት ያጣንላቸውን አምስቱን ወደ አፋቸው ጣሉና ቆረጣጠሟቸው።

«ማን ይወስዳል» ከሚለው ክምር ሥር፣ ከስምንት ከሆነ በታች፣ አንዲት ቀርታ ነበር። «ባሏ የሞተባት ከሆነች፣ በሟች ባሏ ወንድም ስም...» ብዬ አነበብኩ።

«የማን ናት?» አሉ ጋሼ ሰይድ።

«የአባባ ደሴ።»

«ያቺ ሴትዮ ባል አላት?»

«ሞቶባታል።»

የጥሩወርቅ ዘር ሁለት ዓመት ሙሉ በባሏ ወንድም ስም ሲወጣ ኖሯል። ማሽን አልተሳሳተም። እኔው ነኝ በአንድ ቅል ማር ከገዛ መሬቷ የሰረዝኳት። ከዚያ ወዲህ ብዙ አጥፍቻለሁ፤ እንደዚያች ጥፋት ያንገበገበኝ ግን የለም።

ሐሙስ ጠዋት ሥራ አስኪያጁ ዘንድ ገባሁ። «ያለ ምክንያት ሰው የሚያስቀድሙትን ትእዛዞች ላወጣ ነው። መጀመሪያ የሚወጣው የርስዎ ነው» አልኳቸው። ብዕራቸውን አስቀመጡ፤ ጣሪያውን አዩ፤ እኔን አዩ። ያኔ ካሁን አሁን ውጪ ይሉኛል እያልኩ ነው።

«ቁረጪው» አሉ በመጨረሻ።

ለገበያ ማርቆስ መጥተው የነበሩትን አባባ ደሴን ከሰዓት በኋላ አገኘኋቸው። ጉልበታቸውን ስሜ ቀና አልኩና ጥሩወርቅ ላይ የደረሰውንና ያቺን ከሆነ እንደማወጣት ነገርኳቸው።

«እኔኮ ለሰላም ብዬ ነው» አሉ።

«አውቃለሁ፣ አባባ። ግን ለሰላሙ የተራበችው እሷ ብቻ ናት።»

«የፈንታ ልጅ እንዲህ ትለኛለች?» ጋቢያቸውን አጣፍተው ጥለውኝ ሄዱ። ሮጬ ይቅርታ ልበላቸው አልኩ፤ አልሮጥኩም። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሽማግሌ «አይሆንም» ያልኩት ያን ቀን ነው።

ያን ዕለት ከሰዓት መብራት ተመለሰ። ዓርብ ጋሼ ሰይድን አጠገቤ አስቀምጬ እያንዳንዱን የኮድ ክፍል ጽፌ እንደጨረስኩ በአማርኛ እነግራቸዋለሁ። እስከ መጨረሻው ከተከተሉኝ አለፈ፤ «ቆይ፣ የት ደረስን?» ካሉኝ እከፍለዋለሁ። ትልቁ ክፍል ስድስት ግብጦ ብቻ ነበረው። አሥራ ስድስቱ ገጽ ሦስት ሆነ። ዝርዝሩ ወጣ፤ ከመዝገቡ ጋር አስተያየነው። መዝገብ ላይ ያለ ሁሉ አለ። አንድም ሰው አልጎደለም፤ አንድም ሰው ሁለቴ አልወጣም። ጋሼ ሰይድ «አልሐምዱሊላህ!» ሲሉ እኔ ወንበሩን ገፍቼ እስክስታ ወርጃለሁ።

ቅዳሜ ዘሩን ጭነን በዚያ ጭቃ ደብረ ኤልያስ ገባን። ሌሊቱን ዘንቦ ስለነበር አፈሩ ይሸታል። መጋዘኑ ደጅ ላይ ሰው ተሰብስቧል፤ አባባ ደሴም አጥሩን ተደግፈው ቆመዋል። ጋሼ ሰይድ ስም መጥራት ጀመሩ።

«ወይዘሮ ጥሩወርቅ!»

መልስ የለም። አለች፤ አይቻታለሁ፤ ከመካከል ቆማለች። ስሟን ከዚያ ወረቀት ላይ ሰምታ ስለማታውቅ ለሌላ ሰው መስሏት ዞር ዞር ትላለች።

«አንቺን እኮ ነው!» አላት አንዱ።

«አቤት!» አለች። ወዲያው እልልታዋን አቀለጠችው። ሴቶቹ ተቀበሏት፤ መጋዘኑ አስተጋባ። እኔም እንባዬን እየጠረግሁ እልል አልኩ። አባባ ደሴ ወደኔ አላዩም። ጆንያው አህያዋ ላይ ሲጫን ግን አንዱን ጫፍ የያዙት እሳቸው ነበሩ። አምና እስኪመሽ ዱላ ያማዘዘው እደላ ያን ቀን ገና ለምሳ ሳይደርስ አለቀ። ወደ ማርቆስ ስንመለስ ከጭነት መኪናው ላይ ዘፈን ስዘፍን ነበር የመጣሁት፤ ጋሼ ሰይድ ጆሯቸውን ይዘው።

ናትናኤል ይህን ሁሉ ሰምቶ ሲያበቃ መሳቢያዬን ከፍቼ ግብጦ ዘገንኩና ጠረጴዛው ላይ አፈሰስኩለት። «መሣሪያው ስንት እንደሆነ ነግሮሃል። የማን እንደሆነ ግን አይነግርህም። በል ጀምር።»

እየሳቀ ጀመረ። ይቺ የደንበኛው ናት፣ ይቺ የራሴ ስንፍና ናት፣ እያለ ዘጠነኛዋ ላይ ሲደርስ ሳቁ ቆመ።

«ይቺስ የማን ናት?»

አቀረቀረ።

«ናትናኤል፣ የማን ናት?»

«የርስዎ ናት፣ እትዬ።»

ቆጠርነው። ከሃያ አንዱ መንታ መንገድ ስድስቱ እኔ በየኮሪደሩ «እስቲ ይቺንም ጨምርልኝ» ያልኩት ነበር። «ታዲያ አይሆንም አትለኝም?» አልኩት። «እንዴት ብዬ?» አለ። ወይ ጉድ! ለካ እኔም ሽማግሌ ሆኛለሁ፤ ያውም ማር እንኳ ያልያዝኩ ሽማግሌ። ሰው ኮዱ ለምን እንደሚወሳሰብ ሲጠይቀኝ ብዙ ትምህርት እደረድር ነበር። ከእንግዲህ የምመልሰው አንድ ነው፤ ትልቅ ሰው ሲጠይቅ ትንሹ «አይሆንም» ማለት ሲያቅተው ነው።

«ቁረጠው» አልኩት።

በማግስቱ ላፕቶፑን ይዞ መጣ። ኮዱን ከፋፍሎታል፤ ትልቁ ቁጥር ሰባት ሆኗል፤ አረንጓዴ። «ከርስዎ ስድስት አንዷ ትክክል ስለሆነች አስቀርቻታለሁ» አለኝ። «አምስቱ ግን አይሆኑም፣ እትዬ።»

ዓይኔን እያየ ነበር ያለው። አምስቷን ግብጦ አነሳሁና ቆረጠምኳቸው፤ ምሬት የሚባል የለባቸውም።