ሰላምታውን ቁረጪው

ሰላምታ ጊዜ ይፈጃል የሚል ሰው እስካሁን ደሜን ያፈላዋል። ቆቦ ውስጥ የማላውቀውን ባለባጃጅ እንኳ «እንዴት ዋልክ፣ ቤተሰብ ደህና?» ሳልል ቦታ አልነግረውም። ያደግሁት እንዲህ ነው።

አሥራ ሁለተኛ ክፍል ሳለሁ ትምህርት ቤታችን ለወላጅ የሚለውን ሁሉ ቴሌግራም ላይ ይለጥፍ ነበር። ወላጁ ማን ነው? አብዛኛው ማንበብ የማይችል፣ ስልኩም ከመደወልና ከባትሪው መብራት ሌላ ሥራ የማያውቅ ገበሬ። ይባስ ብሎ ከገጠር መጥተው ቆቦ ቤት ተከራይተው የሚማሩ ልጆች አሉ፤ ወላጆቻቸው የልጆቻቸውን ወሬ የሚሰሙት ስንቅ ይዘው ሲመጡ ብቻ ነው። «ነግረናቸዋል እኮ» ይባላል። ለማን? ለግድግዳ!

ሥራውን የጀመርኩት ከንዴት ነው። ከአይሲቲ መምህሬ ጋር ሆነን በትምህርት ቤቱ ኮምፒውተር ላይ የሚናገር መሣሪያ ሠራን። ወላጅ ጋ ይደውላል፣ መልእክቱን በድምፅ ያደርሳል፣ ሲጠየቅም ካስተማርነው ውስጥ ፈልጎ ይመልሳል። ድምፁ የአክስቴ ነበር። አክስቴ እንደ አገሩ ወግ «እንዴት ዋላችሁ? ቤተሰቡ ደህና? ከብቱ ደህና? ማሽላው እንዴት ይዟል?» ብላ ጀመረች፤ «እኛ ጋ ሁሉ ሰላም ነው፣ ልጃችሁም ደህና ናት» አለችና ከዚያ በኋላ ወደ ጉዳዩ ገባች። ስንሞክረው አንድ አባት መሣሪያውን መርቀው ነው የዘጉት። ያን ቀን ደስታዬ ወሰን አልነበረውም።

የዞን እንግዶች ሊጎበኙን መሆኑ ሲሰማ ርዕሰ መምህሩ (እዚህ ላይ አንቱ ልለው አልችልም) ሥራችንን ሊያይ መጣ። ሰምቶ ሳይጨርስ ፊቱን አኮሳተረ።

«ይሄ ሁሉ ሐተታ ምንድን ነው? ቴክኖሎጂ ማለት ፍጥነት ነው። ሰላምታውን ቁረጪው።»

እዚህ አገር ሰላም ሳይባል ጉዳይ አይነገርም ብዬ ተከራከርኩ። መምህሬም አገዘኝ። ሰሚ አጣን። በማግስቱ ራሱ ተቀምጦ፣ በራሱ ድምፅ፣ እንደ ደብዳቤ አድርጎ ቀዳው፤ ያስተማርነውን መልስም ሁሉ አስጠፋው።

የመጀመሪያው ጥሪ ከሮቢት ወዲያ ካለች መንደር ለመጣች የዘጠነኛ ክፍል ልጅ እናት ነበር። ልጅቷ ከክፍሏ አንደኛ ወጥታለች፤ በእንግዶቹ ፊት ከእናቷ ጋር ልትሸለም ነው። መሣሪያው ጠዋት ደወለ። «የተማሪዋ ወላጅ፣ ዛሬ ከሰዓት በአስቸኳይ በትምህርት ቤቱ እንዲገኙ።» እናትየው «ልጄ ምን ሆነች?» አለች። ደገመላት። «ደህና ናት ወይ? በአላህ ንገረኝ!» አሁንም ያንኑ ደገመላት።

እኛ ጋ ሰው ልጁ ሲሞት «ሞተ» ተብሎ በስልክ አይነገረውም። «ቶሎ ድረስ» ይባላል፣ የቀረውን ራሱ ይረዳዋል። ይህን የሚያህል ነገር ሳያውቅ በዚህ ሕዝብ መሃል ርዕሰ መምህር መሆን እንዴት ይቻላል?

ከሰዓት በኋላ እንግዶቹ ሜዳው ላይ ተቀምጠው ሳለ ከበሩ ዋይታ ተሰማ። ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ ያሰሩ ሴቶች፣ ከኋላቸው ሽማግሌዎች፣ ከሚኒባስ ወርደው ገቡ። እናትየው ከፊት ናት፤ ፊቷን ቧጭራዋለች። ልጅቷ ከሰልፉ ወጥታ «እማ!» እያለች ሮጠች። እናትየው ቶሎ አላቀፈቻትም፤ መጀመሪያ ፊቷን፣ ከዚያ ትከሻዋን፣ ከዚያ እጆቿን ዳሰሰች። ለቅሶው ቀስ በቀስ ቆመ።

«እንኳን ደስ ያለሽ ልንልሽ ነው እኮ የጠራንሽ! ስልክ ማናገር እንኳ አታውቁም?» አለ ርዕሰ መምህሩ። በድምፅ ማጉያ! ከእንግዶቹም የሳቀ ነበር። ሊያለቅሱ የመጡ ሽማግሌዎች ፊት ሳቁ! እናትየው የልጇን እጅ ይዛ፣ ሽልማቱንም ሳትቀበል ወጣች። ልጅቷ ከዚያ ቀን ወዲህ ክፍል አልገባችም።

በሳምንቱ እናትየው ቤት ሄድኩ። ከብቱን፣ እናቴን፣ ትምህርቴን ጠይቃ ወተት ሰጠችኝ።

«አብሽሪ ልጄ፣ አንቺ ምን አደረግሽ» አለችኝ። «ትማር ብዬ ነው የላክኋት፤ አሁንም ትማር። ግን ያ ሰውዬ እዚህ ድረስ ይምጣ። አብረውኝ ካለቀሱት ፊት ቆሞ እንዴት ዋላችሁ ይበለን። ሌላ አልሻም።»

ይህ ብዙ ነው? ቢሮው ገብቼ ቃል በቃል ነገርኩት። ቀና እንኳ ሳይል «ሥራ አለብኝ፤ ይልቅ በመሣሪያሽ ደውዪና ይቅርታ በይልኝ» አለ።

«መሣሪያው እግር የለውም፤ እግር ያለዎት እርስዎ ነዎት» አልኩት። ለዚህ ወላጅ አምጪ ተባልኩ።

ልጅቷ ዛሬ ሮቢት መንገድ ዳር ቲማቲም ትሸጣለች። የሮቢት ሚኒባስ ረዳት ቀኑን ሙሉ ትምህርት ቤቱ በር ላይ «አንድ ሰው! አንድ ሰው ብቻ!» እያለ ይጣራል። ርዕሰ መምህሩ እስካሁን አልተሳፈረም።