እህቴን ዶክተር ያደረጋት የእኔ ክንድ ነው

የአንቲረስት ሽታ በሸተተኝ ቁጥር መርሳ ከተማ ያለው የድሮ ቤታችን ይመጣብኛል። አንቲረስት ብረት እንዳይዝግ ከዋናው ቀለም በፊት የሚቀባው ቀይ ነገር ነው፤ አባቴ በያጅ ስለነበረ ግቢያችን፣ ዶሮዎቹ፣ የእኔም ሱሪ ሳይቀር እሱን እሱን ይሸት ነበር። ግን ስሙኝ፣ ከዚያ ቀለም ቤት ነው ሐኪም የወጣው፤ ያወጣኋትም እኔ ነኝ። ከአምስተኛ ክፍል ከትምህርት ጋር በሰላም ተለያይቶ ሲያበቃ ሰው ዶክተር ያደረገ ሌላ ካለ ይምጣ።

ታናሽ እህቴ ብርቱካን፣ እኛ ብርቱ ነው የምንላት፣ ገና በሕፃንነቷ ስታድጊ ምን ትሆኛለሽ ሲሏት «ዶክተር» ነበር የምትለው። ችግሩ ደም ስታይ ትወድቃለች። ዓይኗ ይገለበጥና ዘጭ። በፋሲካ አባባ ቢላዋ ሲሞርድ ገና ድምፁን ሰምታ፣ በአጥር ሾልካ፣ ሙስሊሟ ጎረቤታችን እትዬ ከድጃ ቤት ትገባ ነበር፤ በአረፋ ደግሞ እነሱ በግ ሲጥሉ በዚያው አጥር ተመልሳ ወደ እኛ። እትዬ ከድጃ «ይቺ ልጅ ደም የሌለበት ሃይማኖት ስታፈላልግ አጥሬን ጨረሰችው» እያሉ ይስቁ ነበር።

በጋ በጋ እሷ ብረት መቁረጫው ግራይንደር እየጮኸ ታጠናለች፣ እኔ እበይዳለሁ። ከክፍሏ የሚደርስባት አልነበረም፣ አስተማሪዎቿም ሕክምና ነው የሚገባት ይሉ ነበር። አባባ ግን ሰግቶ «ልጄ፣ አንቺም እንደ እነሱ አስተማሪ ሁኚ፣ ጠመኔ ደም የለውም» ይላታል። እሷ መጽሐፏ ላይ ታቀረቅራለች። ለእኔ ብቻ ነበር የምትነግረኝ፦ ገብታ በመጀመሪያው ቀን ተዘርራ፣ መሳቂያ ሆና እንዳትመለስ ነበር ፍርሃቷ።

መድኃኒቱን ያገኘሁት እኔ ነኝ። አንቲረስቱን ክንዴ ላይ እደፋና «ብርቱ፣ አለቅኩልሽ» እያልኩ እገባባታለሁ። መጀመሪያ መጀመሪያ ትወድቅ ነበር፣ እማዬም በመጥረጊያ እያሯሯጠች «አንተዋ፣ ልጄን ልትገድላት ነው?» ትለኛለች። እየቆየች ግን ነቃችብኝ፤ ክንዴን ሳብ አድርጋ ታሸተውና «ሂድ በነጭ ጋዝ ታጠብ» ብላ ወደ ንባቧ።

የአሥራ ሁለተኛ ክፍልን ፈተና ወስዳ ውጤት በምትጠብቅበት ክረምት፣ በዝናብ የራሰ ላሜራ ተሸክሜ አንሸራተተኝና ጠርዙ ክንዴን ከክርኔ በታች ቀደደው። አባባ በር ሊገጥም ግራና ከተማ ሄዷል፣ እማዬ ገበያ ናት። እየተንጠባጠብኩ ቤት ስገባ ብርቱ ቀና እንኳን አላለችም።

«ሂድ በነጭ ጋዝ ታጠብ።»

«ብርቱ፣ የእውነት ነው።»

«መቼ ውሸት ነው ብለህ ታውቃለህ?» አለችና እንደ ልማዷ ክንዴን ስባ አሸተተችው።

ፊቷ ኖራ መሰለ። አሁን ወደቀች ብዬ በደህናው እጄ ልደግፋት ስዘጋጅ፣ እሷ ነጠላዋን ቀድዳ፣ ጥርሷን ነክሳ፣ ጥፍንግ አድርጋ አሰረችኝና «ወደ ላይ ያዘው፣ እንዳታወርደው» እያለች በዚያ ዝናብ ጤና ጣቢያ ድረስ ጎተተችኝ። ነርሷ ተቀብላኝ ጨርቁን ስትፈታ ነው ብርቱ በግድግዳው ተንሸራታ ዘጭ ያለችው። እኔ እየደማሁ ሳቅኩ። ነርሷ ግን አልሳቀችም፣ ማን እንዳሰረልኝ ጠየቀችኝ፤ ያቺ የተኛችው አልኳት።

ብርቱ ስትነቃ ነርሷ ውሃ እየሰጠቻት «እኔም ተማሪ ሆኜ ወድቄያለሁ። አንቺ ግን አስረሽ፣ አድርሰሽ ነው የወደቅሽው» አለቻት።

«ይለመዳል?» አለች እህቴ።

«ይለመዳል።»

ማታ አባባ ሲመጣ ሕክምና እንደምትማር ነገረችው፤ እሱም የታሰረውን ክንዴን አየና ስለ ጠመኔ ዳግመኛ አላነሳም።

ውጤቷ ሲመጣ ሰፈሩን ያዳረስኩት እኔ ነኝ፣ ነጥቡን ትንሽ ጨምሬበታለሁ። ዩኒቨርሲቲ ገብታ የመጀመሪያውን ዓመት ስትጨርስ ሕክምናን አንደኛ አድርጋ መረጠች፣ ደረሳት። አስከሬን ወዳለበት ክፍል የገባች ዕለት ደውላ «ቆሜ ወጣሁ» አለችኝ፤ ያን ቀን የበየድኩት በር እስከ ዛሬ ጠማማ ነው። ስትመረቅ ጋዋኗን ቀምቼ ለብሼ ፎቶ ተነሳሁ፣ ፎቶውን የብየዳ ሱቄ ውስጥ ሰቀልኩት። አዲስ ደንበኛ «ዶክተር» ሲለኝ አላርመውም።

አሁን ወልድያ ሆስፒታል ነው የምትሠራው። ባለፈው መስከረም ምሳ ይዤላት ስሄድ ባጃጅ የተገለበጠበት ሰውዬ ይዘው መጡ፣ ሚስቱ በር ላይ ቆማ ታለቅሳለች። ብዙ ቆይታ ብርቱ ወጣችና «ተርፏል፣ እናቴ፣ ግቢና እዪው» አለቻት። ሴትየዋ ጉልበቷን ልትስም ስትል አንስታ አቀፈቻት፣ አስገባቻትና በጓሮ በኩል ወጥታ አግዳሚው ላይ ቁጭ ብላ አንገቷን ደፋች። ከንፈሯ ነጭ ሆኗል።

«አሁንም?» አልኳት ተከትያት ወጥቼ።

«አሁንም። ትንሽ ቆይ።»

ያኔ ስትወድቅ ሰው ሁሉ መጥቶ እንዲያይልኝ እጮህ ነበር። አሁን ማንም እንዳያያት ጀርባዬን ለመንገዱ ሰጥቼ ከፊቷ ቆምኩላት፣ ቀልድም አልመጣልኝም። ቀለሟ ሲመለስ ተነሳች፣ ጋዋኗን አራገፈችና ወደ ቀጣዩ በሽተኛ ገባች።