ሳንቃ ነው እንጂ ጥይት አይደለም

የያዙን ከቀትር በኋላ፣ ካሴቶቹን ወደ ካርቶናቸው እየመለስኩ ሳለ ነው። ሱቃችን ሐርጌሳ፣ ኮድቡር በሚባለው ሰፈር ውስጥ ነበር፤ ሬዲዮና የድምፅ ማጉያ የሚጠገንበት አንድ ክፍል። ሦስት የጸጥታ ሰዎች ገቡ። አንደኛው በማጠፊያ የተያያዙትን ሁለት ሳንቃዎች ከጠረጴዛው ላይ አነሳና አገላብጦ አየ። ከዚያ ሳያስበው ገጠማቸው። ጧ! አለ። ሌሎቹ ሁለቱ እጃቸውን ወደ ወገባቸው ሰደዱ።

ጋሼ ሳቁ። ባይስቁ ኖሮ ያ ሁሉ ባልመጣ እያልኩ ብዙ ጊዜ አስብ ነበር። አሁን እንደዚያ ማሰቤ ራሱ ያናድደኛል። ሰው በገዛ ሱቁ መሳቅ አይችልም?

ጋሼ አሠሪዬ ናቸው። የሐርጌሳ ሰው ቢሆኑም ያደጉትና ሙያውን የተማሩት ኢትዮጵያ ስለሆነ ከእኔ ጋር የምንነጋገረው በአማርኛ ነው። እኔ ከስድስተኛ ክፍል አቋርጬ ከአክስቴ ጋር ከኢትዮጵያ ለሥራ የመጣሁ ነኝ። መጀመሪያ የቀጠሩኝ ሱቁን እንድጠርግ ነበር። አንድ ቀን ግን "አንቺ የማትናገሪው ስለምትሰሚ ነው" አሉኝና ቴፑን አስያዙኝ። እስከዚያ ድረስ ዓይን አፋርነቴን የወደደልኝ ሰው አልነበረም።

በዚያ ዘመን ከተማው ከፍርስራሽ እየተነሳ ነበር። መስጊዱም፣ ትምህርት ቤቱም፣ አዳራሹም አዲስ ነው፤ ሁሉም ሲሚንቶና ቆርቆሮ። ማይክሮፎን ሲገባበት ንግግሩ ይተራመሳል፤ ሰው "ምን አሉ?" እየተባባለ ይወጣል። ጋሼ የሚያስተካክሉት ይህንን ነበር። እሳቸው ሳንቃውን አንድ ጊዜ ይመታሉ፣ እኔ እቀዳለሁ፣ የቆምንበትን ቦታ ደግሞ በካሴቱ ወረቀት ላይ እጽፋለሁ።

"ለምን አንድ ጊዜ ብቻ?" ብዬ ጠይቄያቸው ነበር።

"ለቤቱ አንድ አጭር ምት ትሰጪዋለሽ፤ ተከትሎ የሚመጣው ጭራ የቤቱ ጠባይ ነው። ንግግር ማለት ደግሞ የተደረደረ ምት ነው፣ ትልቅም ትንሽም። እያንዳንዱ ያንኑ ጭራ ይጎትታል። ጭራዎቹን ደምሪያቸው፤ ኢማሙ አፋቸውን ሳይከፍቱ ምን እንደሚሰማ ታውቂያለሽ።"

"ጠንክሬ ብመታውስ?"

"እጥፍ ብትመቺው እጥፍ ይመልሳል። ዛሬም ምቺው ነገም ምቺው፣ መልሱ ያው ነው። ግድግዳ አያዳላም፤ ወላሂ ከሰው ይሻላል።"

እስር ቤቱ ውስጥ የሴቶቹ ክፍል ስገባ መጀመሪያ ያገኘኝ የእርጥብ ሲሚንቶና የባልዲ ሽታ ነው። ውስጥ አንዲት አሮጊት ነበሩ፤ ጫት ነጋዴ ናቸው፣ ቀረጥ ሊሰበስብ የመጣውን ሹም ሰድበው የታሰሩ። በስደት ዘመናቸው ኢትዮጵያ ስለኖሩ አማርኛ ያውቃሉ። ኤዶ አልኳቸው፤ በሶማሊኛ አክስቴ እንደማለት ነው። በሩ ሲዘጋብን የማደርገው ጠፋኝና፣ ከልማድ፣ አንድ ጊዜ አጨበጨብኩ።

"ይኸው! እብድ ጨመሩብኝ" አሉ ኤዶ። "ለማን ነው የምታጨበጭቢው? ላሰሩሽ?"

"ክፍሉን እየሰማሁት ነው።"

"እሺ፣ ምን አለሽ?"

"በሩ ከሥር ክፍት ነው። ውጭ ረጅም ኮሪደር አለ፤ መጨረሻው ግድግዳ ነው።"

"እኔ ይህንን በዓይኔ እያየሁ ነው የገባሁት! ለዚህ ከሆነ ያሰሩሽ፣ ልክ ናቸው።" እስኪያስላቸው ሳቁ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው "መጨረሻው ላይ ያሉት ወንዶቹ ናቸው" አሉኝ።

መግሪብ ሊደርስ ሲል ከዚያ ጫፍ አንድ ጥፊ ሰማሁ። አንድ ብቻ። ጩኸት አልነበረም። ኮሪደሩ ጭራውን እስከ እኛ ድረስ አመጣው። የማን ፊት እንደሆነ ማንም አልነገረኝም፤ እኔ ግን አወቅሁ። ኤዶ እጄን ያዙና እስኪጨልም አልለቀቁኝም።

በአራተኛው ቀን ጠሩኝ። መርማሪው ወጣት ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ በስደተኛ ጣቢያ ያደገ ስለሆነ አማርኛ ይናገራል።

"ተቀመጪ፣ አንቺ ሐበሻ" አለና በሩን እንዲዘጉት ምልክት ሰጠ።

"በሩ ይከፈት" አልኩ። ድምፄ አልወጣም። ደገምኩት። "ከባዕድ ወንድ ጋር በሩ ተዘግቶ አልቀመጥም። ሐራም ነው።"

"ሐራምን የምታስተምሪን አንቺ ነሽ?"

በር ላይ የቆሙት ዘበኛ ጢማቸውን ሂና የቀቡ ሽማግሌ ነበሩ። መርማሪውን ሳያዩ በሶማሊኛ "ልጅቷ እውነቷን ነው" አሉና በሩን እስከ ግድግዳው ገፍተው ከፈቱት። በዚህ ነገር ከሽማግሌ ጋር የሚከራከር የለም።

ጠረጴዛው ላይ የእኛ ካሴቶችና ሳንቃዎቹ ነበሩ። አንዱን ካሴት ቴፕ ውስጥ ከተተና ከፈተው። ጧ! ሽማግሌው ዘለው መሣሪያቸውን ጨበጡ።

"ይህ ምንድን ነው?"

"ሳንቃ ነው።"

"የጥይትን ድምፅ አንቺ ልትነግሪኝ? እኔ በጥይት መሐል የተወለድኩትን?" የካሴቱን ወረቀት አነሳ። "አስነብቤዋለሁ። ሦስተኛ አምድ ሥር፣ ከበሩ አሥር እርምጃ፣ ይላል። ባለሥልጣን የሚሰበሰብበት አዳራሽ ነው። ለማን ነው የለካችሁት?"

"የአዳራሹ ኃላፊ ነው የጠራን። ንግግር አይሰማም ብሎ።"

"ጠይቀነዋል። አላውቃቸውም አለ።"

ያ ሰው ሁለት ጊዜ ሱቃችን መጥቶ ሻይ ጠጥቷል። ጋሼን ወንድሜ ሲላቸው በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ከፊቴ ያለው መርማሪ እንኳ የዚያን ያህል አላቃጠለኝም።

በሶማሊኛ የተተየበ ወረቀት ገፋልኝ። "ፈርሚና ዛሬውኑ አክስትሽ ጋ ግቢ። ካልሆነ በወጃሌ ድንበር በኩል ወደ አገርሽ ትጣያለሽ።"

"ምን ይላል?"

"አሠሪሽ አዳራሹን ለጠላት አስለክቷል፤ አንቺ ታዘሽ ጻፍሽ። በቃ። አንቺን አይነካሽም።"

እኔን አይነካኝም። የጋሼን ዕድሜ ግን በእኔ ጣት ሊቆርጡት ነው። ወረቀቱን መልሼ ገፋሁለት።

"የራሴን በአማርኛ ልጻፍ" አልኩ።

የተናዘዝኩ መስሎት ንጹሕ ወረቀት ሰጠኝ። ጥቂት መስመር ጽፌ መለስኩለት። አየው፣ ዘቀዘቀው፣ እንደገና አየው። አማርኛ ይናገራል እንጂ ፊደል አይቆጥርም። የካሴቶቹን ወረቀት ያነበበለት ሰው ያን ቀን አልነበረም።

"አንብቢው" አለ።

ተነሳሁ። ያ ክፍል ባዶ ሲሚንቶ ነው፤ መርማሪው በጮኸ ቁጥር ቃሉ በቃሉ ላይ ይወጣል። ጋሼ ኢማሞቹን "አይጩኹ፤ እርስዎ ሲጮኹ ጭራውም አብሮ ይጮኻል። አንዱ ቃል እስኪሞት ሌላውን አይውለዱ" ይሏቸው ነበር። ፊቴን ወደ ተከፈተው በር አዞርኩ። አንድ ቃል እልና እጠብቃለሁ። ድምፁ ኮሪደሩን ሄዶ፣ መጨረሻው ግድግዳ ደርሶ፣ እስኪያልቅ። ከዚያ ሌላውን።

"ካሴቱ ላይ ያለው ሳንቃ ነው እንጂ ጥይት አይደለም። የመታነው ሰው እንዲደማመጥ ነው። የጠራን የአዳራሹ ኃላፊ ነው፤ አላውቃቸውም ካለ ዋሽቷል። አሠሪዬ ወንጀል አልሠሩም። የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ የተጻፈውም እውነት ነው። ሌላ ወረቀት ላይ አልፈርምም።"

በሕይወቴ እንደዚያ ረጅም ነገር በሰው ፊት ተናግሬ አላውቅም።

"ማን ጩኺ አለሽ!" አለ።

"አልጮኽኩም። ቀስ አልኩ እንጂ።"

ያኔ ከኮሪደሩ ጫፍ፣ ከወንዶቹ በኩል፣ አንድ ጭብጨባ መጣ። አንድ ጊዜ ብቻ። መርማሪው ብድግ አለ። በዚህኛው ጫፍ ደግሞ የኤዶ ሳቅ ተሰማ፤ ያንን ሳልና ሳቅ የተቀላቀለበትን። ሽማግሌው ዘበኛ መሬት መሬት ያዩ ነበር፤ ጢማቸው ግን ሲንቀሳቀስ አየሁት።

ወረቀቴን ቀደደው። የቀደደው ከተነበበ በኋላ ነበርና ግድ አልሰጠኝም።

ከሳምንት በኋላ ለምን እንደሆነ ሳይነግሩን ለቀቁን። ማንም ይቅርታ አላለንም። ሳንቃዎቹን መለሱልን፤ ካሴቶቹን አልመለሱም። ጋሼ በር ላይ ሲያገኙኝ አንገታቸውን ወደ አንድ ጎን ዘንበል አድርገው ቆሙ። "በዚህ በኩል አውሪኝ" አሉኝ፣ ቀኝ ጆሯቸውን እያሳዩኝ። ግራው በዚያች በአንዷ ጥፊ ሄዷል። አርባ ዓመት የሰለጠነ ጆሮ። "ያነበብሽውን ሰምቻለሁ፤ አንድ ቃል አላመለጠኝም" አሉ።

አሁንም አብረን ነው የምንሠራው። እሳቸው ይመታሉ፤ የምሰማው እኔ ነኝ። የአዳራሹ ኃላፊ መንገድ ላይ ሲያገኘኝ ሰላምታ ያቀርባል። ወዓለይኩም ሰላም እላለሁ፤ ግዴታዬ ነውና። ከዚያ በላይ ከአፌ ምንም አያገኝም። አዳራሹ ዛሬም ይተራመሳል ይባላል።

በአዲስ ቤት ሁሉ ሳንቃው ከተመታ በኋላ ዓይኔን ጨፍኜ እቆጥራለሁ። ሁለት ሰከንድ፣ ቢበዛ ሦስት፤ ትልቁ መስጊድ እንኳ ከዚያ አያልፍም፣ ያልቃል። ከዚያ ጋሼ ግራ ጆሯቸውን ረስተው "ስንት?" ይላሉ፤ እኔም በቀኛቸው ዞሬ እነግራቸዋለሁ። በዞርኩ ቁጥር ያችን ጥፊ እሰማታለሁ። ዓመታት አለፉ። የእሷ ጭራ ገና አላለቀም።