ቅቤ የጠጣችው ካዝና

ነገሩ የሆነው በደርግ ጊዜ ነው። ያኔ ከመሠረተ ትምህርት ወጥቼ፣ ዕድሜዬ ከገፋ በኋላ መካነ ሰላም አራተኛ ክፍል ገብቼ ነበር። የጅቡን መልክ እንኳ ረስቼዋለሁ፤ ያቺን ካዝና ግን እስካሁን አልረሳኋትም።

ቤታችን ከከተማው በላይ፣ ብርዳም ደጋ ላይ ነበር። ጎረቤታችን ጋሽ ይማም የቀበሌው ጥበቃ ናቸው። የያዙት ከአንድ ባለርስት የተወረሰ የአደን ጠመንጃ ሲሆን፣ ጥይት የሚጎርሰው ከሆዱ ሥር ከምትገባ ካዝና ነው። በማግስቱ ከተማ ሰልፍ ስለነበረ አመሻሽ ላይ መጥተው «ጠመንጃዬን ላሳምራት» ብለው ቅቤ ለመኑ።

«ለሚስትህም እንዲህ አልተጨነቅህ» አለች እናቴ፤ ሰጠቻቸው።

ብረት እንዳይዝግ ቅቤ መቀባት በእኛ አገር የተለመደ ነው። ጋሽ ይማም ግን ውጭውን ብቻ ቀብተው አልተዉም፤ ካዝናዋንም ውስጧ ድረስ አጠጧት። ሌሊቱን ውርጭ ጣለ።

ጠዋት እናቴ ላም ልታልብ በረት እንደገባች ጅብ መጣ። በቀን ብርሃን ሰው የማይፈራ ጅብ ያበደ ነው። አፉ አረፋ ደፍቋል። ከልምጭ የተጎነጎነውን የበረት በር ይቦጫጭቅ ጀመር። እናቴ ከውስጥ በጀርባዋ ደግፋ ያዘች። ድንጋይ ብንወረውርበት ዞሮም አላየን።

ጋሽ ይማም እየሮጡ ደረሱ። «አብሽሪ ልጄ፣ አብሽሪ» አሉኝ። አንዴ ተኮሱ፤ ሳቱ። መዝጊያውን ስበው መለሱት፤ አልጎረሰም። ካዝናዋን አውጥተው ጉልበታቸው ላይ መትተው መለሷት፤ አሁንም እምቢ።

በዚህ መሀል የተሰበሰበው ሰው ሁሉ አዋቂ ሆነ። አንዱ «ጥይቱ ረጥቦ ነው» ይላል፤ ሌላው «ሞላው ላልቷል» ይላል። ጋሽ ይማም በካዝናዋ አፍ ላይ ያለውን ጥይት በአውራ ጣታቸው ተጫኑት፤ ወደ ታች ገባ። ጣታቸውን ሲያነሱ ግን ተመልሶ አልወጣም። በጎኑ ነጭ ነገር ብቅ አለ።

«ያ ረቢ! ቅቤው ረግቷል!» አሉና ካዝናዋን እንድትሞቅ ብብታቸው ውስጥ ከተቱ።

«አንተ ይማም!» አለች እናቴ ከበረቱ ውስጥ። «ቅቤዬን በልታ ዝም ትላለች?»

ማንም አልሳቀም። እኔ ለትምህርት ልወጣ ስል ነበርና መጽሐፌን እንደታቀፍኩ ቆሜ ቀረሁ። ማስቀመጡ እንኳ አልታሰበኝም።

በሩ ተሰበረ። እናቴ ስትጮህ ጋሽ ይማም ካዝናዋን ወረወሩና ከኪሳቸው አንድ ጥይት አውጥተው በተከፈተው መዝጊያ በኩል በጣታቸው ከተቱ፤ ተጠግተውም ተኮሱ። ጅቡ ወደቀ። ከመጀመሪያውም እንደዚያ ማድረግ ይቻል ነበር፤ ግን ለማናችንም አልመጣልንም። እስከዚያ የእናቴ ክንድ ተነክሷል።

በቃሬዛ መካነ ሰላም ጤና ጣቢያ አወረድናት። ያበደ አውሬ ለነከሰው ሰው የሚሰጠው መርፌ እዚያ አልነበረም፤ ከደሴ ይመጣል ተባለ። ጋሽ ይማም ሰልፉን ትተው ከክፍሉ ደጃፍ ተቀመጡ። እኔ ለእናቴ ውሃ እየሰጠሁ ጉሮሮዋን አያለሁ። ያበደ አውሬ የነከሰው ሰው በሽታው ሲጀምረው ውሃ ይፈራል ሲባል ሰምቻለሁ። «ምን ታፈጪብኛለሽ? አልጨርስብሽም» ትለኛለች። ትጠጣለች። ሌላ ምንም ላደርግላት አልችልም ነበር።

መርፌው ደረሰ፤ እናቴም ተረፈች። ጋሽ ይማምን አንድም ቀን አልወቀሰቻቸውም። እኔም አልወቀስኳቸውም። ግን ዛሬም ቢሆን ከጎኔ የተቀመጠ ሰው ብርጭቆ ሲያነሳ፣ ውሃውን እስኪውጥ ድረስ ትንፋሼን እይዛለሁ።